አሮጌው ማሽን ጋፋት ላይ ቢጮኽ

ስሙኝማ፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በዚህ ወግ ውስጥ ወርቅ የለም። የብረት ጠቋሚ ማሽን ነገር ሲነሣ ደብረ ታቦር ይሁን ነፋስ መውጫ፣ ጠላ ቤት ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ጣሊያን ሲሸሽ ቀበረው ወደሚባለው ሣጥን መሄዱ አይቀርም። ካርታውን ያየ ሰው የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ ሞልቷል፤ ካርታውን ያየው ሰውዬ ራሱ ግን አንድም ቀን ብቅ ብሎ አያውቅም። ሣጥኑን ለሚፈልግ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። የእኔ ጨዋታ ስለ እርሳስ፣ ስለ ቀለህ፣ ስለ ዛገ ምስማር፣ ደግሞም እነዚህን ከአፈር በታች ስለሚሰማ የሽቦ ጥቅልል ነው።

ከጋፋት ልነሣ። ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብላ ያለችውን ያችን ጉብታ የማያውቅ የፋርጣ ሰው የለም። ዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያስቀለጡባት ቦታ ናት። ሰዎቹ ግን መድፍ ሠሪ ሆነው አልመጡም። አብዛኞቹ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥተው፣ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ልኳቸው፣ በእጃቸው ሠርተው እየበሉ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ ናቸው። ከስማቸው ሁሉ ገኖ የቀረው የቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነው፤ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ስለ ተወ። ንጉሡ የሰዎቹን መጽሐፍ አልጠሉም፤ ይበልጥ የወደዱት ግን እጃቸውን ነበር። መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። አናውቅበትም ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ሞከሩ፣ ከሸፈ፤ እንደገና ምድጃ ሠሩ፣ እንደገና አቀለጡ። በመድፍ ማቅለጡ ስሙ የሚነሣው ሞሪትስ ሆል ከፖላንድ የመጣ ትውልደ አይሁድ ነበር፤ ሚስቱ ደግሞ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ ናት። ከዚያ ትዳር ዘር ስንት ዓመት ቆይቶ የፊልም ተዋናዩ ፒተር ኡስቲኖቭ ወጣ። የጋፋት ምድጃ ያወጣው መድፍ ብቻ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ሴባስቶፖልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ ነው፤ ዋናው መቅደላ አናት ላይ ተጋድሟል። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ነሐስ ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ይህን ጉድ በሠረገላ ጭነው፣ ፊት ፊቱን መንገድ እያስቆፈሩ፣ ድንጋይ እያስፈለጡ፣ ገደሉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ስድስት ወር ገደማ ተጓዙ። እራሳቸውም ድንጋይ ይሸከሙ ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት ስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ጦራቸው ተፈታ፤ ፋሲካ በዋለ በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የሆነውን ልድገመው አልልም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። መድፉ ሄደ እንበል፤ የቀረውስ? ነሐስ ሲቀልጥ ይፈናጠቃል። ብረት ሲነጠር የብረት አር ይቀራል። ሠረገላ ሲሠራ ምስማር ይወድቃል፣ መዶሻ ይሰበራል፣ ሰንሰለት ይበጠሳል። ከተማ ሲቃጠል የበሩ ማጠፊያና የሣጥኑ ቁልፍ አመድ ውስጥ ይቀራል። ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለ ንጉሡ ጻፈ፣ ሚሲዮናዊው ስለ ራሱ ጻፈ፤ ወናፍ የነፉትና ከሰል የተሸከሙት የአገሬው ሰዎች ግን መጽሐፍ አልጻፉም። የእነሱ ነገር ካለ ያለው እዚያው አፈር ውስጥ ነው፤ አብዛኛውም ብረት ነው።

አሁን ከጋፋት ወደ ዋሽንግተን እንሻገር፤ መሻገሪያው ደግሞ አንድ ስም ነው። ዋልድማየር ያገባው የዮሐንስ ቤልን ልጅ ነበር፤ ያን የቴዎድሮስ ባልንጀራ፣ ስለ ንጉሡ ሲል በጦር ሜዳ የሞተውን እንግሊዛዊ። ሌላው ቤል፣ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ ስልክ የፈለሰፈው ነው። የሁለቱ ዝምድና በስም ብቻ ነው፤ ይሁንና የብረት ጠቋሚው ታሪክ የሚጀምረው በዚህኛው ቤል እጅ ስለሆነ ስሙ ጋፋት ላይ ቀድሞ መጠራቱ ያስቀኛል።

መቅደላ ከወደቀች ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1881፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ ገላቸው ውስጥ ቀረ። ኤክስሬይ ገና አልተገኘም፤ ሐኪሞቹ ባልታጠበ ጣት ቁስሉን እየበረበሩ ይፈልጉታል። ቤል ሁለት የሽቦ ጥቅልል አመጣ። ሽቦዎቹ አንዱ የአንዱን ድምፅ እንዲያጠፋ ተደርገው ይቀመጣሉ፤ ስልኩን ጆሮህ ላይ ስታደርገው ዝም ይላል፤ ብረት ሲጠጋው ሚዛኑ ይዛባና ያንጎራጉራል። ቤል ከአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ጀምሮ ጥይት በገላቸው ይዘው በሚኖሩ አሮጌ ወታደሮች ላይ ሞከረው፤ ሠራ። ፕሬዚዳንቱ አልጋ ላይ ሲያደርገው ግን ማሽኑ የትም ቢሄድ ማንጎራጎር ሆነ። ለካ ፍራሹ ውስጥ የብረት ስፕሪንግ ነበር። ዋናው ሐኪም ደግሞ ጥይቱ በቀኝ ነው ብሎ ከቀኝ በቀር አላስነካም፤ ጥይቱ የተገኘው በግራ ነው፣ እሱም ከሞቱ በኋላ። ጋርፊልድን በመስከረም የገደላቸው ከጥይቱ ይልቅ የቁስሉ መመረዝ ነበር። ማሽኑ በዚያ ዕለት አልዋሸም፤ ብረት አለ አለ፣ ብረትም ነበር። ሰዎቹ ናቸው ምኑን እንደሰማ ያላወቁለት።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ለሃምሳ ዓመት ያህል ተኛ። የቀሰቀሰው ጌርሃርድ ፊሸር የሚባል ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደ መሐንዲስ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአውሮፕላን አቅጣጫ የሚጠቁም የራዲዮ መሣሪያ ሲሠራ፣ መሣሪያው አንዳንድ ቦታ ላይ ይስታል። አሰበበት፤ የሚያስተው ብረትና የማዕድን ድንጋይ መሆኑን አገኘ። ስህተቱን ራሱን ሸቀጥ አደረገው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ድርጅት አቋቋመ፣ በ1937 የፈጠራ መብቱ ተረጋገጠለት። የሠራው ነገር እንጨት ሣጥን፣ ውስጡ የራዲዮ ቫልቭ፣ ባትሪው ከባድ፤ አሁን የአሮጌ ማሽን ወዳጆች ቢያገኙት አቅፈው ይተኛሉ።

ጦርነት መጣ። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ከሰጠ ዓመት ሳይሞላው፣ ግብፅ ኤል አላሜይን ላይ የጀርመናዊው የሮሜል ጦር በፈንጂ አጥር ተከልሎ ቆመ። ያን አጥር ለመጣስ 500 ያህል አዲስ ፈንጂ ጠቋሚ ተሰጠ። የሠራው ዮዜፍ ኮሳትስኪ፣ ስኮትላንድ ውስጥ በስደት ያለ የፖላንድ መኮንን ነው። ማሽኑ ከ14 ኪሎ ትንሽ ያነሰ ነው፤ አንድ ወታደር ብቻውን ይዞት ይሄዳል። በሰዓት 100 ካሬ ሜትር ያህል ይጸዳ የነበረው መሬት 200 ሆነ። ኮሳትስኪ መብቱን አላስመዘገበም፤ ለእንግሊዝ ጦር በነጻ ሰጠ፤ ከእንግሊዙ ንጉሥ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው፣ አበቃ። ቤተሰቡ ጀርመን በያዘችው ፖላንድ ስለነበር ስሙም ተደብቆ ቆየ። የድካሙ ዋጋ ይህችው ናት።

ጦርነቱ ሲያልቅ የጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ ገበያ ወጣ። የአሜሪካ ጦር ፈንጂ ጠቋሚ በርካሽ ሲሸጥ፣ ቨርጂኒያና ቴነሲ ያሉ የታሪክ ወዳጆች እየገዙ ቅድመ አያቶቻቸው ወደ ተዋጉበት ሜዳ ወጡ። ዛሬ የአሮጌ ጦር ሜዳ ቅርስ ፈላጊ የሚባለው ሰው የተወለደው ያኔ ነው። ቀጥሎ ትራንዚስተር መጣ፤ ማሽኑ ቀለለ። እ.ኤ.አ. በ1950 ኬኔት ዋይት ኦሪገን ውስጥ፣ በ1964 ቻርልስ ጋሬት ቴክሳስ ውስጥ ድርጅት ከፈቱ። የዋይት ፋብሪካ በ2020 ተዘጋ፤ ማሽኖቹ ግን በሕይወት አሉ፤ እጅ በእጅ ይዞራሉ።

ከአሮጌዎቹ ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ በሁለት ድምፅ የሚሠራው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ራዲዮ መሰል ነገር አለ፣ ምንጊዜም በአንድ ድምፅ ያዜማል። ታች ያለው ጥቅልል ሽቦ ደግሞ የራሱን ድምፅ ያዜማል። ሁለቱም ለጆሮ አይደርሱም፤ በጣም ቀጫጭን ናቸው። ለጆሮ የሚደርሰው ልዩነታቸው ነው። የክራር ክሮች ሲቃኙ፣ ሁለቱ በአንድ ድምፅ ለመግጠም ትንሽ ሲቀራቸው የሚሰማውን ያን መርገብገብ ታውቁት የለ? እሱው ነው። ከታች መዳብ ወይም ብር ሲያጋጥም የጥቅልሉ ድምፅ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ብረት ሲያጋጥም ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ይሳባል። ሰፊ የብረት ዝርግ ግን እንደ መዳብ ሆኖ ያታልላል፤ ቆርቆሮ ብዙ ሰው አስቆፍሯል።

ስክሪን የለውም። ቁጥር አያሳይም። ሳንቲም ነው፣ ቆርኪ ነው ብሎ አይተነብይም። ጠገራ ብር የምታህል ነገር ከሆነች ከስንዝር ብዙም ወርዶ አይሰማም። ጠዋት በብርዱ የቃኘኸው ድምፅ ፀሐይ ስትወጣ ይንሸራተታል፤ እንደገና ቁልፉን ትነካካለህ። የደብረ ታቦርን ጠዋትና የደብረ ታቦርን ቀትር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጋቢ ለብሰህ ጀምረህ ሸሚዝህን አውልቀህ ነው የምትጨርሰው። ደግሞ አንድ በጎ ነገር አለው፤ ሲበላሽ ራዲዮ ጠጋኝ ይከፍተዋል። ብየዳው በዓይን ይታያል፣ የተቃጠለችው ትራንዚስተር ትለወጣለች። አዲሱን ማሽን ክፈት ብትለው ጠጋኙ አንዲት ጥቁር ነገር አይቶ ይመልስልሃል።

አሁን ወደ አገራችን አፈር እንግባ፤ ዋናው ጨዋታ ያለው እዚህ ነው። ጉና እሳተ ገሞራ ነበር። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ያ ተራራ ከሚሊዮኖች ዓመት በፊት የፈሰሰ ቅላጭ ድንጋይ ነው፤ በዙሪያው ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋም ከሥሩ ከዚያ የሚቀድም የባዛልት ድንጋይ ነው። ባዛልት ደግሞ በውስጡ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን አለው፤ ሲበሰብስም ቀዩን አፈር ይሰጣል። እንግዲህ ባለ ሁለት ድምፁን ማሽን ፋርጣ ላይ ብታወጣው ምን ይሆናል? መሬቱ ራሱ ያስጮኸዋል። ጥቅልሉን አንድ ጣት ከፍ ዝቅ ባደረግህ ቁጥር ድምፁ ይቀየራል፤ አንዷ የጋለች ጥቁር ድንጋይ ጥይት ነኝ ብላ ታታልልሃለች። በኋላ የመጡት ማሽኖች ለዚህ መድኃኒት አበጁ፤ የመሬቱን ድምፅ ለይተው የሚያጠፉበት ቁልፍ አላቸው። በምት በምት የሚሠሩት ደግሞ፣ ሽቦውን አንዴ አንቀጥቅጠው የመልሱን መጥፋት የሚያዳምጡት፣ ባዛልት ላይ ይሻላሉ፤ ዛሬ ወርቅ አሳሾች የሚይዟቸው ብዙዎቹ የዚያ ዘር ናቸው።

ታዲያ አሮጌው ለምን? እዚህ ላይ ሐሳቤን ልናገር። አዲሱ ማሽን የሚመካበት ትልቁ ነገር ብረትን መናቅ ነው። ቁልፉን ታዞረዋለህ፤ ምስማሩን፣ ሰንሰለቱን፣ የማረሻውን ስባሪ አልፎ ብርና ወርቅ ብቻ ይነግርሃል። ለወርቅ ፈላጊ ደስ ይላል። ጋፋት ላይ ግን እንዲህ ያለ ማሽን ይዞ መሄድ ማለት ምድጃውን ረግጦ ማለፍ ማለት ነው፤ የጋፋት ታሪክ የሚገኘው በናቀው በዚያው ብረት ውስጥ ነውና። አሮጌው መናቅ አያውቅበትም። ሁሉንም ይጮኻል። ያደክማል፣ ያናድዳል፣ ግን አይመርጥም። የቴዎድሮስን የሠረገላ ምስማርና የአጎቴን የቆርቆሮ ቤት ምስማር እኩል ያከብራል፤ መለየቱ የአንተ የባለ ጆሮው ሥራ ነው።

የማይሰማው ነገር ደግሞ አለ። አንዱ አሞሌ ነው። ስንት መቶ ዓመት ገበያችን የቆመበት ገንዘብ ለማሽን ዝም ነው፤ ዝናብ ሲያገኘውም ይሟሟል። ጠገራ ብሯ ግን፣ ዓመቷ 1780 ተብሎ የታተመባት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ 28 ግራም ያህል ሆና በጥሩ ድምፅ ትጮኻለች። ስለዚህ ማሽን የሚነግርህን ብቻ ሰምቶ ያለፈውን ገበያ የሚጽፍ ሰው ቢኖር አገሩ ሁሉ በብር ይገበያይ ነበር ብሎ ይጽፋል። ደጉ ነገር፣ ጨውን የሚያስታውስ ሰው አለን።

ወደ ጦር ሜዳው እንውጣ። በ1834 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ የትግሬና የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከራስ አሊ ጋር ተጋጠሙ። ውቤ ነፍጥ ነበራቸው፤ አሊ ፈረሰኛ። ራስ አሊ ተሸንፈው ሸሹ። ውቤ ድል አደረግሁ ብለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ግብር ላይ ሳሉ፣ የአሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ዘሎ ገብቶ ማረካቸው! አሸናፊው ታሰረ፣ ተሸናፊው ከሸሸበት ተጠርቶ ሥልጣኑን መልሶ ያዘ። ከዚህ የበለጠ ተረት የሚመስል ጦርነት አላውቅም። ግን ነፍጠኞቹ የቆሙት በየት በኩል ነበር? ፈረሱ የተሰበረው የት ላይ ነው? የዚያ ዘመን ነፍጥ ጥይት ድቡልቡል እርሳስ ነው። ሾጣጣው በኋላ የመጣ ነው። ድቡልቡሉ እርሳስ በብዛት የወደቀበትን ቦታ በካርታ ላይ ያሰፈረ ሰው የነፍጠኛው ፊት ወዴት እንደነበር ያውቃል።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ሞንታና ውስጥ ሊትል ቢግሆርን የሚባል ሜዳ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1876 የአሜሪካው ሌተና ኮሎኔል ካስተር ከሕንዶች ጋር ተዋግቶ ከነጭፍራው ያለቀበት ነው። ስለዚያ ውጊያ መቶ ዓመት ሙሉ ተጻፈ፣ ተሣለ፣ ፊልም ተሠራ። በ1983 ሜዳውን ሣር ቃጠሎ ገለጠው። ዳግላስ ስኮት የሚባል አርኪዮሎጂስትና ጓደኛው ሪቻርድ ፎክስ የማሽን አድናቂዎችን በበጎ ፈቃድ ጠሩ፤ ተራ ይዘው፣ ጥቂት ሜትር ተራርቀው፣ ሜዳውን አሰሱት። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ትንሽ ባንዲራ ይተከላል፤ የሚቆፍረው ግን ከኋላ የሚመጣው ባለሙያ ነው። እያንዳንዱ ቀለህ የወደቀበት ቦታና የዞረበት አቅጣጫ ተመዘገበ። ከዚያ በማጉያ መነጽር የጠመንጃው መርፌ ምት ቀለሁ ቂጥ ላይ የተወውን ምልክት አነጻጸሩ፤ አንድ ጠመንጃ ከዚህ ተኩሶ፣ ተነሥቶ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ መተኮሱን ለዩ። የወታደሩ ሰልፍ ፊልሙ እንደሚለው እስከ መጨረሻው አልጸናም፤ ቶሎ ፈረሰ። ሕንዶቹ ሲናገሩት የነበረውና ማንም ያልሰማቸው ነገር ነው ቀለሁ የመሰከረው።

እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ሜዳ አለ፤ አንቺም። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. እዚያ ወደቁ። የመንግሥቱን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። በኢትዮጵያ ጦርነት ውስጥ አውሮፕላን የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ከሰማይ መጀመሪያ የውግዘት ወረቀት ወረደ፣ ቀጥሎ ቦምብ። ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ወረቀቱ በስብሷል። የቦምቡ ስብርባሪ ግን፣ የውጅግራውና የምንሽሩ ቀለህ ግን፣ ከማረሻ ስንዝር በታች መሄጃ የለውም። የጣሊያን ዘመኑ 6.5 ሚሊሜትር የካርካኖ ቀለህ ደግሞ ቂጡ ላይ የተሠራበት ዓመት ታትሞበታል፤ ይህን ያህል አንባቢ የሚጠብቅ ብረት አለ።

አንዱ፣ ታዲያ ለምን ዛሬውኑ ማሽን ይዘን አንወጣም፣ ማለቱ አይቀርም። ሕግ አለ ወንድሜ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የቅርስ ባለሥልጣን ነው። ደግሞም ሕጉ ባይኖርም ነገሩ ራሱ ይከለክላል። ሊትል ቢግሆርን ላይ ቀለሁን አፉን ያስከፈተው ቦታው ነው። ከቦታው ተነሥቶ ኪስ የገባ ቀለህ መርካቶ ቁራሌው ኪሎ የሚያደርገው ናስ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እንግሊዞች ያላቸው ሕግ ከእኛ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ሥራ የሌለው ሰው 14 ዓመት ያገለገለ ማሽን ይዞ ስታፎርድሺር ውስጥ በአንድ ገበሬ እርሻ ላይ ከ4,000 በላይ ቁርጥራጭ የያዘ የጥንት የወርቅና የብር ክምችት አገኘ፤ ለመንግሥት አስታወቀ፣ ገንዘቡንም ከባለ እርሻው ጋር ተካፈለ። እኔ ከዚህ ወሬ የምወስደው ወርቁን አይደለም፤ ማሽኑ አሮጌ መሆኑንና ሰውዬው ማስታወቁን ነው። ለአገራችን ግን የእነሱን ሕግ ውሰዱ አልልም፤ ሣጥን ፈላጊው በበዛበት አገር ሽልማት ማወጅ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አካፋ መላክ ነው። ይልቅ ቅርስ ባለሥልጣኑና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፈቃድ ያለው አንድ አሰሳ ጋፋት ላይ ቢጀምሩ፣ እኔ በበኩሌ ባንዲራ ለመትከል ተራ እይዛለሁ።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አልፎ ወደ ጉናና ደብረ ታቦር ቀርቦ ነበር። ስለዚህ በዚህ ደጋ የሚጮኽ ሁሉ የጥንት አይደለም። የኮሳትስኪ ማሽን የተሠራው ለመዝናኛ አልነበረም፤ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ የሠለጠነ የፈንጂ አምካኝ ሥራ ነው። ክንፍ ያለው፣ አፍንጫው የሾለ፣ ወይም ቀለም የተቀባ ነገር ከታየ ያለ ጨዋታ መራቅ ነው። በመጣህበት ኮቴ ተመለስ፣ ልጆቹን አርቅ፣ ለፖሊስ ተናገር።

ያ ካልሆነና ማረሻህ ያወጣው ነገር ድቡልቡል እርሳስ፣ የወየበ ቀለህ፣ ወይም የምን እንደሆነ ያልታወቀ የብረት ቁራጭ ከሆነ ደግሞ፣ እባክህ በአመድና በሎሚ አትፈትገው። የወጣበትን ትልም በድንጋይ ምልክት አድርግበት፤ ስልክ ያለው ልጅ ካለህ ከነቦታው ፎቶ ያንሣልህ። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው፤ ታዲያ ለገበያ በወጣሁበት ቅዳሜ ልንገራቸው እንዳትል፣ ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ነው።